በእንጥልጥል

ሰኔ ሠላሳ ነው። የምክር ቤት አዳራሽ።
ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙቀቱን ሳያሸሽ።
ከታዛቢው ወንበር፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣
ጋሽ ሮብሌ ተቀምጧል፣ ሊሰማ፣ ሊጽፍ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በምድር ባቡር ቤት፣
እሱ ነበር ጸሐፊው፣ የባቡሩ ሰዓት።
ከሚኤሶ የተነሣው መቼ እንደተሻገረ፣
የትኛው ፉርጎ አይሻ ላይ ቆሞ እንዳደረ።
ሐዲዱ ዝም ሲል እጁ ዝም አላለም፤
አሁን ረቂቅ ሕግ ይከታተላል፣ እንደ ባቡር፦
ከየትኛው ቢሮ ተነሣ፣
በየትኛው ኮሚቴ ደጅ ዛገ፣
ማን ገፋው፣ ማን ሳበው፣ ማን ረሳ።

እኔ ፈትሂያ ነኝ፤
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ እተይባለሁ።
ዓይኑ ስለደከመ
ደቃቁን ፊደል የማነብለት እኔ ነኝ።

ደብተሩ እንዲህ ይላል፦
ረቂቅ አራት። ፌስታል። ከጥር ጀምሮ መንገድ ላይ።
ረቂቅ ሰባት። የሲሚንቶ አቧራ። ቆሟል፤ ምክንያቱ አልተነገረም።
ረቂቅ ዘጠኝ። የደቻቱ አሸዋ።
እዚህ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ይቀንሳል።

ጠዋት በጀት ነበር፤ ከበጀት ወዲያ ሹመት።
ከሹመት ወዲያ ሻይ፤ ከሻይ ወዲያ መብራት ጠፋ።
ሲመለስ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣
ግማሹ ወንበር ባዶ፣ ግማሹ ያንቀላፋ።
«የአወዳይ መኪና ከገባ በኋላ
ድሬ ላይ ጆሮ የለም» አለ ሮብሌ፣ እርሳሱን እየላሰ።

ፌስታሉ ጸደቀ፣ በሁለት ድምፀ ተአቅቦ።
አንቀጽ ዐሥራ አንድ ግን ወጣ፤ ቅጣቱ ያለበት።
«ፉርጎው ደርሷል» አለኝ፣ «ጭነት ግን የለበት።»

ሲሚንቶው አልተጠራም። ስሙ እንኳ።
ፋብሪካው ሥር ባለው ሰፈር
ጠዋት የተወለወለ መስኮት
ማታ በጣት ይጻፍበታል።

ከዚያ ዘጠኝ።

ወንድሜ ነጂብ በዚህ ሰዓት ደቻቱ ውስጥ ነው።
ለአራት ሆነው አይሱዙ ይሞላሉ፣ በቀን ሦስቴ።
የምተይብበት ኮምፒውተር በዚያ አሸዋ ተገዛ።
የቤታችን የጓሮ ግድግዳ፣ ያ ውሃ የወሰደው፣
እንደገና የቆመው በዚያው አሸዋ ነው።
ወንዙ በየክረምቱ ዳሩን ሲበላ አይቻለሁ፤
እኛም በየማታው ከወንዙ ስንበላ።

ዱዓዬ ሁለት ነበር፣
አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ።
ለሮብሌ አልነገርኩትም።

አፈ ጉባኤዋ ሰዓቷን አየች፦
«ለተጨማሪ ጥናት ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራ።
የሚቃወም? የለም።»
መዶሻው ሁለቴ ተመታ። መልካም የዕረፍት ጊዜ።
ወንበሮች ተንጫጩ።

ሮብሌ ግማሽ ክብ ሣለ።
ግማሽ ክብ ማለት አልተሰረዘም፣ አልመጣምም፤
በሁለት ጣቢያ መሐል፣ በረሃው ላይ፣
መብራቱን አጥፍቶ የቆመ።
«በፈረንሳይኛ ስም ነበረው፣ ጠፋብኝ» አለ።
«በእንጥልጥል» ብዬ ጻፍኩለት።
አነበበው፤ አልወደደውም፤ አልሰረዘውምም።

ስንወጣ ደንገጎ ላይ ደመና ተሰልፏል፣
እንደ ቦቴ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ።
ሮብሌ በሶማሌኛ የዝናብ ልጅ እንደ ማለት ነው፤
እናቱ በዶፍ ቀን ነው የወለደችው።
የኪስ ሰዓቱን አወጣ፣ ተራራውን አየ፣
«ያ እዚያ ላይ ከዘነበ
ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም እዚህ ለመድረስ።
እሱን መዝግቤው አላውቅም፤
ዘግይቶም አያውቅ።»

ነጂብ ጋ ደወልኩ። አያነሣም።
ሮብሌ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ
አዲስ ገጽ ገልጧል፦ ጥቅምት። ረቂቅ ዘጠኝ።
የመድረሻውን አምድ በማስመሪያ እያሰመረ፣
ቀስ ብሎ፣ መስመሩ እንዳይጣመም።
ደግሜ ደወልኩ።

በሦስተኛው ተነሣ።
ከድምፁ በፊት የሰማሁት አካፋውን ነው።