የዙር ሂሳብ

ደብተሩ የኔ ነው፤ ናፍጣውን በቀኝ፣ መንገዱን በግራ፣
መክብብ እየነዳ፣ እኔ እየመዘገብኩ፣ ማታ ማታ ከአምፖል ጋራ።
አባታችን ያወረሰን ፒካፕ፣ ነጭ፣ አንድ በሩ የተጎዳ፣
የሰው ትዳር ያዝላል፤ ፍራሽና ቁም ሳጥን፣
ከኪራይ ጓዳ ወደ ኪራይ ጓዳ።

ጥቅምት ሲገባ መክብብ ከሶማሌ ተራ ጎማ ጭኖ መጣ፤
አራት ጥቁር ኮርማ፣ ጥርሱ አውራ ጣት የሚውጥ፣
ረግረግ ገብቶ እንዲወጣ
የተሠራ። «አሸዋ አይዘውም» አለኝ፣ «ወንዝም አያቆመው።»
«ወንዙስ የታል?» አልኩት፤ «ከፒያሳ ለገሃር ምን አለ የሚያሰጥመው?»

ጋሽ ነስሩ ጎሚስታው፣ ጎንበስ ብሎ ቡሎን እያጠበቀ፣
አንዴ ጎማውን አየ፣ አንዴ እኔን፣ ቸርኬውን በመዶሻ ነካ አድርጎ ሳቀ።
«ትልቅ ጫማ ያጠለቀ ሰው እርምጃው ይረዝማል፤
ጉልበቱ ግን ያው የድሮው ነው፤ ዳገት ላይ ይታማል።»

የሰፈር ልጆች ቁመታቸውን ከጎማው ጋር ለኩ፣
ጥቁር ጥርሱን በፍርሃት እየነካኩ።
አልዋሽም፣ እኔንም ደስ አለኝ።

በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ያቃስታል፤
ጎማው እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል።
እናታችን ደግሞ፣ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮዋ በዋለበት ሐሙስ ዕለት፣
እግሯን ብታነሳ መርገጫው ራቃት፤
የቢራ ሳጥን ደፍተን፣ በብብቷ ደግፈን አወጣናት።
«መውጫውንስ አገኛችሁልኝ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ፣
«መውረጃዬን አስባችኋል?»
መክብብ እንዳልሰማ ሆኖ ሞተሩን አስነሳ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሬ ማነከስ ጀመረ።
ደርሶ መልሱ፣ ፒያሳ ለገሃር፣ በቆጣሪው ስድስት ነበረ፤
አሁን አምስት ተኩል። መንገዱን ማን አሳጠረ?
ናፍጣው ደግሞ በአሥር ፋንታ አሥራ ሦስት ይጠጣል።
አጭር መንገድ፣ ረጅም ጥም፤ ይህ እንዴት ይመጣል?
ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ደመርኩ፣
ወንድሜን ጠረጠርኩ።

«በጀሪካን ለማን ነው የምትሸጠው?» አልኩት ራት ላይ፤
እጁን ከትሪው አነሳ፣ ተነሥቶ ወጣ፣ ፊቴን ሳያይ።

ያስረዳኝ ነስሩ ነው፣ ሲባጎ በጎማው ወገብ አዙሮ፤
«ቆጣሪ መንገድ አያውቅም፣ ዙር ነው የሚያውቀው፣ እንደለመደው፣ እንደ ድሮ።
ጎማው ሲተልቅ ዙሩ ያንሳል፤ አንቺም ያነሰውን ጻፍሽ፤
መንገዱ እዚያው ነው፤ ወንድምሽን በከንቱ ከሰስሽ።
መርፌው አምሳ ሲል አምሳ አምስት ነው፤ ይህንንም እወቂ፤
የፍሬኑን ነገር ግን የቸርችልን ቁልቁለት ጠይቂ።»

ጠየቅነው። ማክሰኞ፣ በካፊያ፣ የሙሽሮች ዕቃ ጭነን፤
ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ መብራቱ ቀይ ሆነ፣ መክብብ ረገጠ ፍሬን።
ፒካፑ ሰማ፤ ግን ዘግይቶ ሰማ፣ ጆሮው እንደደከመ፣
«አቤት» እያለ ተጎተተ፣ የዜብራውን መስመር አልፎ ቆመ፣
ከሎተሪ አዟሪው ጉልበት አንድ ስንዝር ሲቀረው።
ልጁ ኮፈኑን በጥፊ አለው፤
«ሰው ነኝ እኮ!»
ትኬቶቹ አስፋልት ላይ ረጠቡ።
ከኋላችን የቁም ሳጥኑ መስታወት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤
መክብብ፣ እጁ መሪው ላይ እንደደረቀ፣
«ሸጬ አላውቅም» አለኝ። «ናፍጣ።»
«አውቃለሁ» አልኩት። ሌላ ቃል አልወጣ።

የድሮዎቹን ጎማዎች ሸጧቸዋል፤ መልሶ መግዣ የለም፣
የመስታወቱን ዕዳ እስክንጨርስ፤ ኮርማዎቹ እዚያው ናቸው ዛሬም፣
በጠባብ መታጠፊያ ሁሉ ፓራፋንጎውን እየፋቁ።

ቆጣሪው አሥራ አንድ ሲል አሥራ ሁለት እጽፋለሁ፤
ያልተቆጠረውን መንገድ በእጄ እቆጥራለሁ፤
ለዚያች የራት ማታ ግን ዓምድ ፈልጌ አጣሁ።

የቢራ ሳጥኑ ከኋላ በገመድ ታስሯል።
ሐሙስ ጠዋት፣ ጥቁር አንበሳ በር ላይ፣
መክብብ ሞተሩን ሳያጠፋ ቀድሞ ይወርዳል፣
ሳጥኑን ደፍቶ፣ በጉልበቱ ደግፎ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ
ይጠብቃታል።