ደም መላሽ

ሥራዬ ደም ማፍላት፣ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤
የማርሴይ ወደብ ጀርባ፣ መጋዘኑ ያውቀኛል።
ቀይ ሥር እጨምቃለሁ፣ ከሽሮፕ አስማማለሁ፣
ጥቂት ጠቆር እንዲል ካካዎ እነሰንሳለሁ፤
አሁን ለሚወድቅ ቀላ፣ ለከረመ ጠየም፣
ከዚያ ድምፅ ይጠራኛል፦ «አራክሲ! አምጪ ደም!»

ጠዋት በእጄ የሞተ ቀትር ላይ ይነሣና
ሳንድዊቹን ይገምጣል፣ አንገቱ ሳይጠራ ገና።

ዛሊሃታን ያወቅኋት እዚሁ ወንበር ላይ ነው።
ሰባት ፊልም፣ ሰባት ሞት፤
አንዲት ቃል አልሰጧት።
ከሰሜኑ ፎቆች ነች፣ የኮሞሮስ ሰዎች ልጅ፣
ቁስል ስሥልባት ስቃ የምታናውጥብኝ እጅ።
አንዱ ፊልም ድልድይ ሥር፣ ሌላው ሻንጣ ውስጥ አገኟት፤
በአንዱማ እግሯ ብቻ ታየ፣ ፊቷን ቆረጡት።
ሁሌ በአሥረኛው ደቂቃ፣
ሌላው እንዲቆጣ፣ ሌላው ሽጉጥ እንዲያነሣ፤
በቀሉ የሰው ገንዘብ ነው፣ የእሷ ድርሻ ሬሳ።

ዘንድሮ ግን፣ ተመስገን፣ ተራው ለእሷ ደረሳት፤
የወንድሟ ደም መላሽ ብለው ሽጉጥ አስጨበጧት።
ፊቷ ትራም ላይ ተለጥፎ ከተማውን ዞረ።
ፕሮዲውሰሩ ብርጭቆ አነሣ፣ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፦
«ጥቁር ጀግና፣ አንድ። ዐረብ ኮሚሳር፣ ሁለት።
ቬትናማዊት ዳኛ፣ ሦስት። ይኸው ዓለም በሙላት!»
አጨበጨብሁ። ምን ልዋሽ? ዓይኔም እንባ አዝሎ ነበር፤
አያቴ እዚህ ወደብ ሲወርድ፣ የመዝገቡ ሹም ሲያማርር
ስሙን ከወገቡ ቆርጦ ጣለው፤
ግማሹን ነው ዛሬም የምንጠራው።

የመጨረሻው ሌሊት።
ወንበሬ ላይ አንድ ልጅ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ እየራደ።
እናቱ የመርከብ ክፍሎች ታጸዳለች፤
እሱም ያደገው ከዛሊሃታ ቤት አምስት ደርብ ዝቅ ብሎ ነው።
«ማዳም፣ ስሜ ማነው?» አለኝ።
ወረቀቱን አየሁ። «ወጣት ሁለት። ደረጃው ላይ ይወድቃል።»
«ወጣት አንድስ?»
«እሱ በሩ ላይ ሞቷል።»
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
የደሙን ከረጢት ከሸሚዙ ሥር አሰርሁለት፣
ልክ ልቡ ካለበት።

እሷ ደረጃውን ወጣች። አነጣጠረች።
ከዚያ ክንዷ ወረደ።
«ይሄንንስ ማን ይበቀልለታል?» አለች።
ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። «ፊልም እኮ ነው! ሌሊቱ በገንዘብ ነው!»
ሠላሳ ዓመት ለሰው ያፈላሁት ደም
ያኔ በገዛ ጆሮዬ ውስጥ ፈላ፤ አፌ ግን አልተከፈተም።
«ሰባት ጊዜ እዚያች ደረጃ ላይ ነበርሁ» አለች፣
«ደመ ከልብ ሆኜ።»
መልስ የሰጣት የለም። ጄኔሬተሩ ብቻ ያጉረመርማል።

ተሟግተው ተሟግተው በአንዲት ጥያቄ ታረቁ፤
ከመተኮሷ በፊት «ስምህ ማነው?» ትበለው።
በጥድፊያ አንድ ስም ፈጠሩለት።
ልጁ ግን ረሳው፣ ወይም ምላሱ አልቀበል አለው፤
«ናሱርዲን» አለ፣ እናቱ ለራት በመስኮት እንደምትጣራው።
ሦስት ጊዜ ቀረጹ፣ ሦስት ጊዜ ጣቷ እምቢ አለ።
በአራተኛው ተኮሰች።
ቀይ ሥሬ ፈነዳ።
ስንቱን ያየሁ ሰውዬ፣ እንደ ጀማሪ ደነገጥሁ፤
የፈሰሰው የውሻ ደም አልነበረም፣
ደም ከልብ ነበር።

ያቺ ጥያቄ ከመቀስ ትተርፍ እንደሁ አላውቅም።
ለመቀስ ልቡ አይታወቅም።

ሲነጋጋ መብራቱ ተለቀመ፤ ብቻዬን ቀረሁ፣
የተረፈውን ደም በማንኪያ ወደ ብልቃጡ መለስሁ።
ደም መላሽስ እኔ ነኝ፣ ጥይት የማላባክንበት።
ክዳኑ ላይ «ወጣት ሁለት» የሚለውን ሰረዝሁና
«ናሱርዲን» ብዬ ጻፍሁበት፣
ሙሉውን፣
አንዲት ፊደል ሳልቆርጥለት።