አሞሌ

ባሶ ገበያ ነው፤ አቧራው ተነሥቷል፤
አጋሰሱ ሁሉ ጨው ተጭኖ ደርሷል።
አንዷን አሞሌ ጨው አንኳኳሁ በጥፍሬ፣
ስንጥቅ እንዳይኖራት ዳር ዳሯን መርምሬ፤
ከዚያ ላስ አረግኋት፤ የነጋዴ ልማድ።
ያች ሴት ትዝ አለችኝ፣ የቆመች በመንገድ፣
ከተማው ሲቃጠል ዞራ ብታይ ኋላ፣
ጨው ሆነች የሚሏት፣ በቁሟ ተተክላ።

መሪጌታ ሲያነብ ጆሮዬን ሰጥቼ፣
ያጎቱን፣ የባሏን፣ ሁሉን ስም ሰምቼ፣
የሷን ስጠብቅ ግን ገጹን ገለጠና
“ሚስቱ” ብሎ አለፋት፤ ስም የላትምና።

ሰው ሁሉ ያማታል፦ ጌጥ ወዳ ዞረች፣
ለአምባርና ለኩል ነፍሷን አስያዘች።
እኔ ግን ቆጠርሁት፤ ቁጥር አያታልለኝ፣
ጨው እየቆጠርሁ ነው ሽበት የወረረኝ፦
በአንድ እጇ አንዲት ልጅ፣ በሌላው ሌላዪቱ፣
ሁለቱ ወጡላት፤ የታሉ የተዳሩቱ?
“አማቾች ሣቁበት” አይል ወይ ንባቡ?
አማች ያለ ሴት ልጅ ከየት መጣ? አስቡ።
ስለዚህ ዞረች። በቃ። ሌላ ምን ነበረ?
እሳቱ ውስጥ ልጇ፣ የልጇ ልጅ ቀረ።

እኔም ዞሬ አይቻለሁ። ዘማቹ ሲመጣ፣
በሌት ወደ ጮቄ ሽቅብ ሰዉ ሲወጣ፣
አንጓችን አዝዬ፣ ቅል ውሃ አንጠልጥዬ፣
“አትዙሪ” አለኝ ባሌ። “እሺ፣ አልዞርም” ብዬ፣
ዞርሁ።
ቆላው ነድዷል። የትጓደድ አማት ጎተራ
እንደ ደመራ ነው ከሩቅ የሚያበራ።
ስምንት ወሯ ነበር፣ እግሯ አብጦ ያኔ፤
“ሽሹ” ብዬ ብልክ ሣቀ አማቼም በኔ።

እኔስ ጨው አልሆንሁም። ለምን እንደሆነ
መሪጌታን ጠየቅሁ፤ ዝም አለ፣ አዘነ።
ያን ለት ጧት ግን አንጓች ጉንጬን ስትልሰኝ፣
“ጨው ጨው ትያለሽ” ብላ አስደነገጠችኝ።

ነጋዴው ቸኮለ፦ “ከወገቡ ልክፈል?
ፈትልሽ ላንድ ሙሉ የሚበቃም አይመስል።”
ድሪዬን አውልቄ ጨመርሁለት ከፈትሉ፤
“አትስበራት” አልሁት፣ “ትሂድልኝ በሙሉ።”

ቤቴ መስኮት የለም፤ ከበሩ ሥር አቆምኋት፣
ፊቷን ወደ ቆላ አዙሬ አስቀመጥኋት።
ወጥ ሳትገባ ከረመች። ሐምሌ የገባ ለት
ከላይ እስከ ታቿ ወዝታ አገኘኋት።
“እርጥበት ነው” አለ ባሌ። አልመለስሁለት።
በነጠላዬ ጫፍ ቀስ ብዬ ጠረግኋት።