ሚዛኑ ጓዳ ነው

ሚዛኑን ጓዳ አግብቼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤
«ስንት ሆንኩ?» ሊል ሲል ኦይቫ፣ ወንበር ስቤ ቀደምኩት።

ተቀመጥ ልጄ። በመስኮቱ የላህቲ መዝለያ ማማ
ይታያል፣ በረዶ ለብሶ፣ አንገቱን ሰብሮ ወደ ከተማ።
አሰልጣኝህ ምን ይል ነበር ከዚያ ላይ ስትለቀቅ?
«የቀለለ ነው የሚርቅ።»
እውነቱን ነው፤ ላባም ይርቃል፤
የሚያርፍበትን ግን ላባ መች ያውቃል?

ስለ እህል አላነሳሁም። ስለ ነፋሱ ጠየቅሁት፣
አየር ላይ ሳለ በጆሮው ምን እንደሚል።
እጁን በእጅጌው ሸሸገ፤ ምድጃ አጠገብም ይበርደዋል።
«ይቆጥራል» አለኝ። «ሃምሳ አራት፣ ሃምሳ ሦስት፣
ወደ ታች ነው የሚቆጥር፤
ዜሮ ሲደርስ የምበር ይመስለኝ ነበር።»

የተራበን ብላ ማለት ምኑ ይከብዳል? ይበላል።
ረሃቡን እንደ ሜዳሊያ በአንገቱ ላንጠለጠለ ሰው ግን
ምን ይባላል?

ጥቁር ዳቦ ቅቤ ቀብቼ ለሁለት ገመስኩ፤
ድርሻዬን ቀስ ብዬ ጎረስኩ።
(እኔም ድሮ፣ ጂምናስቲክ ስሠራ፣ የአተር ፍሬ እቆጥር ነበር፤
ዛሬም ደረጃ ስወጣ ጣቴ ይቆጥራል።
ይህን አልነገርኩትም።)
እሱ ድርሻውን አየው፣ ሰው ወጥመድ እንደሚያይ፣
ጀምበር በዘጠኝ ሰዓት እስክትጠልቅ ድረስ።
አልገፋሁትም።

ከሄደ በኋላ ሳህኑን ሳነሳ
ከዳቦው ጥግ ጥፍር የምታህል ጎድላለች፤
አይጥ የቀመሰቻት ትመስላለች።
አላጨበጨብኩም፤ ለአሰልጣኙም አልደወልኩም።
ሳህኑን ብቻ፣ ያን ሌሊት፣ አላጠብኩም።