አሥራ አራት ኪሎ ሜትር

ኤድመንተን ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲወርድ፣
መኪና እንደ በቅሎ ይታሰራል በገመድ፤
አንዱ ጫፍ ከአፍንጫው፣ አንዱ ጫፍ ከግድግዳ፣
መብራት ሲጠጣ ያድራል፣ እንደ ክፉ እንግዳ፣
የሞተሩ ደም እንዳይረጋ፣
እስኪነጋ።

ይህን ያስተማረኝ ዳግም ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ወር
አንድ ሌሊት የበር ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ ወጥቶ ነበር፣
በነጠላ ጫማ፣ በካልሲ፣ በረዶውን እየረገጠ፤
«መኪናሽን ልሰካልሽ ብዬ ነው» አለ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ።
ጣቶቹን በብብቴ አሞቅኩለት።
ከወደዱ አይቀር እንዲህ ነው፣ አልኩ፤ እናቴን በሌሊት ቀስቅሼ ነገርኳት።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሌሊት ሥራ ስወጣ፣
ወንዙ ዳር ቆምኩ፤ በረዶው ተሰንጥቆ ውሃው ሲወጣ
ላይ ብዬ፤ ሌላ ምንም አልነበረም፤
የመጦሪያ ቤቱ ሽታ ገና ካፍንጫዬ አልለቀቀም።
ማታ ዳግም መኪናዋን አቁሞ ገባ፣ ፈገግ እያለ፦
«ደርሶ መልስሽ ሃያ ሁለት ነው። ዛሬ ሠላሳ ስድስት አለ።
አሥራ አራት ኪሎ ሜትር የት ሄዳ ነው ልጅቷ?»
ሳቅኩ።
ቀልድ መስሎኝ አይደለም። ቀልድ እንዲሆን ፈልጌ ነው የሳቅኩ።

እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ይኸው ነው ክፋቱ፤
ሰው የሚያውቀው ምልክት በለዝ ነው፣ የዓይን ጥቁረቱ።
«መታሽ?» አለችኝ እህቴ በስልክ። «ኧረ በፍጹም!» አልኳት።
«ይጠጣል?» «አይጠጣም።» «ታዲያ ምን አጎደለብሽ?»
ምን ልበላት?
ለሰናይት ልጅ ክርስትና ሄጄ ብመለስ
ሦስት ቀን እንዳልተናገረኝ፣ የሠራሁት ሳይቀመስ
እንደ ተደፋ? በአራተኛው አበባ ይዞ መምጣቱን፣
ተንበርክኮ ማልቀሱን፣ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ መሆኔን?
ከዚያ ወዲህ ሰናይት «ያቺ ሴት» ሆና መቅረቷን?
እኔም ብቻዬን ስሆን እንኳ፣ በሹክሹክታ መጥራቴን ስሟን?

ቅናት የፍቅር ጨው ነው ይላል ሰው ሁሉ ሲያወራ።
እኔ ጨዉን በጭልፋ ስቅም ኖርኩ፤ ወጡ ግን የት እንደ ተሠራ!

በኋላ በኋላ እኔው ራሴ፣ ሳልነሳ፣ ቁጥሩን
በደረሰኝ ጀርባ እጽፍ ጀመር፤ መንገድ ሲዘጋ ዙሩን፣
ቤንዚን የቀዳሁበትን።
ማንም ሳይጠይቀኝ የምመልሰውን መልስ፣
እውነቱን፣ እንደ ውሸት አሳምሬ፣
ከመሪው ጋር እለማመድ ነበር።

ሃልያ፣ ክፍል ዘጠኝ፣ የልጆቿ ስም የጠፋባት፣
እኔን አንዳንዴ «እማ» የምትለኝ፤ ቁርሷን ሳበላት
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ማንኪያው አፏ ሳይደርስ ቆመ።
እጇን ዘርግታ ትከሻዬን ወደ ታች ተጫነችው፣
ቀስ ብላ፣ ኩፍ እንዳለ ሊጥ።
«ትከሻሽ» አለች፣ «ስልኩ ሲጠራ ጆሮሽ ጋ ደረሰ።
የኔም እንዲህ ነበር። ሃምሳ ዓመት። እሱ ከሞተ በኋላ ነው የተመለሰ።»
ከዚያ ረሳችው።
«ቁርስ አላበላችሁኝም» አለች።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እውነት ነው፤
ግን ውጭው ሠላሳ ሲወርድ፣ እሳት ሲቀጣጠል ማን ነው የሚፈራው?
መጀመሪያ ሙቀት ነው።
ይህን ማንም አልነገረኝ።

ረቡዕ ጠዋት ወጣሁ። አንድ ሻንጣ፣ ፓስፖርት፣ የሥራ ጫማ።
እሱ ተኝቷል። ከበረዶ መጥረጊያው በቀር ድምፅ አይሰማ።
ሞተሩ ባንድ ቁልፍ ተነሳ፣
ውለታ አልክድም፤ ማታ ሰክቶልኝ ነበር።
ስንቀሳቀስ አንድ ነገር ጠረረ፣ ተሳበ፣ ጧ አለ። አልቆምኩም።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አሥራ አራትን ሳልፍ ቆጠራው ጠፋኝ፤ አልፈለግኩትም።

ቀይ መብራት ላይ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ጥሩምባ ነፋ፣
መስኮቱን አውርዶ፣ በጓንቱ እያመለከተ፦
«ገመድሽ! ከሥርሽ ይጎተታል! ተበጥሷል!»
«አውቃለሁ» አልኩት።
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።