ሁለት መቶ ጥቅል ጎመን

ዱሺክ ከሴኡል ገባ በሌሊቱ አውቶቡስ፣
ጫማው ገና ከሱቅ፣ ካፖርቱ የክት ልብስ።
እናቴ ካናቱ እስከ እግሩ ቃኘችው፣
«ሰርግ አለብህ?» አለችና ቦቲ ወረወረችለት።

ሁለት መቶ ጥቅል ጎመን ግቢው መሐል ተቆልሏል፣
ውርጩ ጫፉ ላይ ተኝቶ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል።
መጸው ሊሰናበት ነው፤ እርሻው ሁሉ ተላጭቷል፣
ከእንግዲህ ያለው ወር ከማሰሮ ይበላል።

ጨው በምን ይለካል?
እናቴ ጣቷን ነክራ ትቀምሳለች፣ ምላሷ ይፈርዳል።
«ባሕር ይምሰል» ትላለች።
ባሕር ያየችው ሁለቴ ነው፤ ጣዕሙን ግን ታውቃለች።

ትልቁ ገንዳ ግን የኛ አይደለም፣ የጎረቤት ነው፣ የማልሱን፤
እሷና እናቴ ደግሞ ካምና ወዲህ ተኳርፈዋል፣
ባውራ ዶሮ ምክንያት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይጮኻል፣ ንጋት የማያውቅ ፍጡር።
እናቴ «ይታረድ» አለች፤
ማልሱን «እሱ በኔ ቅጥር፣ አንቺ ባንቺ ቅጥር!»
ጸቡ ይኸው ነው።

እሑድ ግን በማለዳ፣ ማንም ጥሪ ሳይልክባት፣
ገንዳዋን እንደ ኤሊ አዝላ መጣች፤ በር የከፈተ የለም፣
በእግሯ ገፋችው።
ሰላምም አላለችን። እጅጌዋን ሰበሰበችው።

ከዚያ መንደሩ ጎረፈ፦ የፖስታ ቤቱ ጡረተኛ፣
ከቬትናም በትዳር የመጣችው ቱየት፣ በቢላዋ አንደኛ፣
ሽንኩርት እየላጡ የሚያለቅሱ መንታዎች፣
ሬዲዮ ታቅፈው ለወሬ ብቻ የመጡ አንድ አዛውንት።
ቁጢጥ ብለን በርበሬውን ባሣ መረቅ ለወስን፣
ቅጠል በቅጠል ገልጠን፣ ቀብተን፣ እንደ ደብዳቤ አጠፍን።
አጎቴን ወገቡ ያዘው፤ በደረቱ ተዘረጋ፣
የልጅ ልጁ ሶዳም ጀርባው ላይ ወጥታ ረገጠችው፣
«እፎይ» ሲል ሰፈሩ አስካካ።

በዚያ ሳቅ መሐል ማልሱን
ከጎመኑ እምብርት ቢጫዋን ለጋ ቅጠል ቀጠፈች፣
በቀዩ ጠቀለለች፣
እናቴ አፍ ፊት ያዘች።
የእናቴ እጆች እስከ ክርን በበርበሬ ቀልተዋል፤
ምን ታድርግ? አፏን ከፈተች።
ረጅም ጊዜ አላመጠች።
«ጨው ያንሰዋል።»
«ምላስሽ አርጅቷል።»
ካምና ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ወሬያቸው ነበር።

ሲመሽ የተቀቀለ አሳማ ቀረበ፤ ማሰሮ ያልደረሰው የለም።
ዱሺክ ካፖርቱ በቀይ ነጥብ ተዥጎርጉሮ፣
ጋኗን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ጣለው፤
ሽታው እስከ ሾፌሩ ደርሶ ይሆናል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዶሮው ጮኸ።
እናቴ በጨለማው ተገላበጠች።
«ሰማሽው?» አለችኝ፤
«ድምፁ ጎርነን ብሏል። ብርድ ሳይመታው አይቀርም።»