ገመዱ ሳይታሰር

ሃያ ሁለት ዓመት በስትሮምነስ ወደብ፣
ገመድ ስወረውር፣ ገመድ ስሰበስብ፣
ጀልባዋ ስትጠጋ ሕዝቡ ለመውረድ ሲጋፋ፣
እጮህ ነበር እኔ፣ ድምፄ እስኪጠፋ፦
«ገመዱ ሳይታሰር እግር አታንሱ!
በጀልባና በምድር መሀል ያለችው ስንዝር
ከባሕሩ ሁሉ ጥልቋ እሷ ናት፣ አትርሱ።»

ረሳሁት እኔው፣ ኢንጋ፣ ባለ ገመዷ፣
ባሕሩ ቤቴ ድረስ ሲመጣ፣ ጓዳ ለጓዳ።

መልቲፕል ስክለሮሲስ አሉት ሐኪሞቹ፤
ስሙ ረጅም ነው። እኔ ግን በአጭሩ
ጉልበቴ ጉልበት ያጣበት ዓመት እለዋለሁ።
መጀመሪያ አንድ ዱላ፣ ቀጥሎ ሁለት፣
ከዚያ ይህ ወንበር፣ ጎማው ጥቁር፣ ጀርባው ሰማያዊ።
«እንግዲህ ተቀመጥሽ» አለኝ ጎረቤቴ፣ «ከመውደቅ ዳንሽ።»
እሱም አመነው፣ እኔም አመንኩት።
የተቀመጠ ሰው አይወድቅም ያለው ማነው?

ማክሰኞ ነበር። የሻይ ማንኪያ ወደቀች፣
ተንከባላ ተንከባላ ትንሽ ራቅ አለች።
ፍሬን አልያዝኩም፤ እግሬም ከመርገጫው አልወረደ፤
ለእሷ ጎንበስ ብል ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፣
እኔ ወደ ፊት ወረድኩ፣
በዚያችው ስንዝር ሰመጥኩ።

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ጉንጬ ከወለሉ።
ኤርላንድ ባሕር ላይ፣ የሸርጣን ወጥመዱን ሊያነሣ፤
ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮሃል፣ ይቆማል፣ ይጮሃል።
ፍሪጁ ያንጎራጉራል። ከቁም ሣጥኑ ሥር
የዛሬ አራት ገና የጠፋኝን የሹራብ ቁልፍ አየሁ፣ አረንጓዴ።
«አለህ ለካ» አልኩት። ከማን ጋር ላውራ ሌላ?

ሲመጣ ዋሸሁት። «የጉንጬ ሰንበር የትራሱ ነው» አልኩት።
ከዚያ ወዲያ ፈራሁ። ፍርሃት ሁለተኛው መውደቅ ነው፣
ድምፅ የለው፣ የሚያነሣ ሰው አይጠሩለት።
ከአልጋ መውረድ ተውኩ፤ ገላ መታጠብ ተውኩ፤
የተውኩት ክንድ ይበልጥ ሰነፈ፣
የሰነፈው ክንድ ይበልጥ አስፈራኝ፤
እንዲህ ነው ሰው ቁጭ ብሎ የሚወድቀው።

ሜራን መጣች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣
ከብስክሌት ወርዳ፣ ዝናብ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ።
«አትውደቂ» አላለችም። «እንዴት ወደቅሽ?» ነው ያለችው፤
«ከማንኪያዋ ጀምሪ፣ ምንም አታስቀሪ።»
ነገርኳት። ኤርላንድ ከበሩ ቆሞ ሰማ።
ቆቡን አወለቀ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር፣
ግን ደሴታችን ዛፍ የላት፣ ነፋስ ነው የሚያድር፤
ያለን ገመድ ነው። ስለዚህ እንደ ጀልባ ተማርነው፦
ወንበሩን ከአልጋው ጎን አስጠጊ፣ ጥግ ለጥግ፤
ፍሬኑን ያዢ፣ ግራውን፣ ቀኙን፣ ነቅንቀሽ እዪው፤
መርገጫውን አንሺ፣ እግርሽ መሬት ይንካ፤
ሳንቃዋን ከታፋሽ ሥር አስገቢ፣
ከዚያ ተሻገሪ፣ በቀስታ፣ አፍንጫሽ ከጉልበትሽ በላይ።
ሙቅ ውኃ ጉልበት ይሰርቃል፣ ለብ ያለ ይሁን።
ከሰዓት በኋላ ሲደክምሽ ብቻሽን አትሻገሪ፣ ተጣሪ።
«እጅ መስጠት አልወድም» አልኳት።
«እጅ አትስጪ» አለች፣ «እጅ ተቀበዪ።»

በዚህ ዛፍ አልባ ደሴት
ፍሬን የያዘ የኔ ወንበር ብቻ ነው።

አልዋሽም፣ ከዚያም ወዲያ ወድቄአለሁ፣ አንዴ፣ በመጋቢት።
ስልኬ ግን ከአንገቴ ተንጠልጥሎ ነበር፤
አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ የኤርላንድ ቦቲ ኮቴ።

ዛሬ ጠዋት ያችው ማንኪያ ደግማ ወደቀች።
አየኋት። አየችኝ።
ረጅሙ መቆንጠጫ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፣ ሩቅ ነው፤
ኤርላንድም ለምሳ ይመጣል።
ሻዬን በሹካ አማሰልኩ።